ማንቸስተር፦ በ500 ፓውንድ ብድር የተጀመረ የሙዚቃ ዘመን

የማንቸስተር የሮክ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከአንድ ምሽት ተነስቶ ነው። ጁን 4 ቀን 1976 (እ.ኤ.አ.) የለንደኑ ባንድ ሴክስ ፒስቶልስ በከተማዋ ሌሰር ፍሪ ትሬድ ሆል ተጫወተ። ጋባዦቹ የቡዝኮክስ ባንድ መሥራቾች ሃዋርድ ዴቮቶና ፒት ሼሊ ነበሩ። ታዳሚው ጥቂት ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን «እኔም ነበርኩ» ባዩ አዳራሹ ከሚይዘው በላይ ሆነ። ስለዚህ ምስክርነቱን ማበጠር ያስፈልጋል። በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ በስፍራው እንደነበሩና ወዲያው ባንድ ለማቋቋም እንደተነሱ ግን ጸንቶ ይታወቃል። ያ ባንድ በኋላ ጆይ ዲቪዥን ተባለ።

እኔ ግን ከኮንሰርቱ ይልቅ ቡዝኮክስ ከዚያ በኋላ ላወጡት ሸክላ ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ። በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ አሳታሚዎች ለንደን ስለነበሩ የክፍለ ሀገር ሙዚቀኛ ዕጣው በእነሱ እጅ ነበር። ቡዝኮክስ 500 ፓውንድ ያህል ተበደሩ፤ በታኅሣሥ ወር 1976 አራት ዘፈን እዚያው ማንቸስተር ቀዱ፤ በጥር 1977 ኒው ሆርሞንስ ባሉት የራሳቸው አሳታሚ ስም አወጡ። በመጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ቶሎ አለቀ። ሽፋኑ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀዳ ተጽፏል። ያየው ወጣት ሁሉ ሸክላ ማሳተም የሚደረስበት ሥራ መሆኑን ተረዳ።

ቶኒ ዊልሰንና አለን ኢራስመስ በ1978 የጀመሩት ፋክተሪ የተባለ አሳታሚ ይህን መንገድ አሰፋው። ከወጪ በኋላ ያለውን ትርፍ አሳታሚውና ሙዚቀኞቹ እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ሥራውም የሙዚቀኞቹ ንብረት ይሆን ነበር። ጆይ ዲቪዥን የመጀመሪያ አልበሙን በ1979 ያወጣው በዚህ ስምምነት ነው። ዘፋኙ ኢያን ከርቲስ በግንቦት 1980 ሕይወቱን ካጠፋ በኋላ ጓደኞቹ ኒው ኦርደር ተብለው ቀጠሉ። ፋክተሪ በ1982 የከፈተው ሃሲዬንዳ የተባለው የጭፈራ ክበብም ለዓመታት የኖረው በአብዛኛው በእነሱ ገቢ ነው።

ፋክተሪ በኅዳር 1992 ከሠረ። ሊገዛው ያሰበው ለንደን ሬከርድስ የዘፈኖቹ ባለቤቶች ሙዚቀኞቹ መሆናቸውን ሲያውቅ ከግዢው አፈገፈገ። ብዙዎች ይህን የዊልሰን ዝርክርክነት ማስረጃ ያደርጉታል። እኔ እንደማነበው ግን ስምምነቱ የታለመለትን ፈጽሟል፤ ድርጅቱ ሲፈርስ የከተማዋ ልጆች ሥራ ከዕዳው ጋር አልተሸጠም።