የአይሮፕላን መውደቅና መንሥኤው፤ ከኮምቦልቻ ሜዳ ሲመረመር

አይሮፕላን በወደቀ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «አብራሪው ምን አጠፋ?» ብሎ ነው። አብራሪው የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ መልስ የሚሰጥ ስለሌለ ጥፋቱ በእርሱ ስም ተጽፎ ይቀራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ የወታደር ጄትና አንድ የመንገደኞች ጄት የወደቁበትን ምክንያት አነጻጽረን፣ ይህ ፍርድ የችኮላ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጉዳዩ ለወሎ ሰው ሩቅ አይደለም። ከደሴ ቁልቁለቱን ወርደን የምናገኘው የኮምቦልቻ ሜዳ በጣልያን ወረራ ዘመን የጦር አይሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ወደ ደሴ የገባውም በኮምቦልቻ በኩል ተዋግቶ ነው። ዛሬም በዚያው ከተማ አይሮፕላን ማረፊያ አለ። ሥፍራው ከባሕር ጠረፍ በላይ ከ1,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው።

የመጀመሪያው አደጋ የደረሰው ጥቅምት 21 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ካፒቴንና የጠፈር በረራ ዕጩ የነበረው ቴዎዶር ፍሪማን፣ ቲ-38 በሚባል ጄት በሂውስተን ከተማ አጠገብ ለማረፍ ሲቃረብ አንድ ዝይ የመቀመጫውን መስታወት መታው። ስብርባሪው ወደ ሞተሮቹ ገብቶ ኃይል አሳጣቸው። ፍሪማን ከነመቀመጫው ተስፈንጥሮ ቢወጣም ለምድር እጅግ ቀርቦ ስለ ነበር ሕይወቱ አለፈ። ቲ-38 የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሲጠቀምበት ለነበረው ለኤፍ-5 ተዋጊ ጄት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱንም የሠራቸው አንድ ፋብሪካ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በአገራችን፣ በባሕር ዳር፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የደረሰው ነው። 104 ሰዎች የያዘ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወደ አሥመራ ለመሄድ ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ዞሩ፤ ነገር ግን ሞተሮቹ ኃይላቸውን ስላጡ አይሮፕላኑ እግሩ ሳይዘረጋ ከማረፊያው ውጭ በሆዱ ወርዶ በእሳት ተያያዘ። 35 መንገደኞች ሞቱ፤ 69 ሰዎች ተረፉ።

እንግዲህ መንሥኤው ምንድር ነው? «ወፍ ነው» ብሎ መመለስ እውነት ነው፤ ምሉእ ግን አይደለም። ጄት ሞተር አየርን በብርቱ እየሳበ የሚሠራ ስለ ሆነ ወፍ በገባ ጊዜ በፍጥነት የሚዞሩት ክንፎቹ ይሰበራሉ ወይም ይጣመማሉ፤ የአየሩም ፍሰት ይታወካል። በዚህ ላይ፣ ይህ የእኛ አስተያየት ነው፣ የደጋው አየር ይጨመርበታል። በ1,800 ሜትር ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ደኅና ሳለ እንኳ ኃይሉ ይቀንሳል፣ አይሮፕላኑም ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ሞተር የተጎዳበት አብራሪ ለማሰብም ሆነ ለመመለስ የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ነው።

በሁለቱም አደጋዎች አብራሪዎቹ የሚችሉትን ለማድረግ ሞክረዋል። ወፎቹ ግን በዚያ ሰማይ ላይ ያለ ምክንያት አይሰበሰቡም፤ የወደቀ እህል፣ የተጣለ ቆሻሻ፣ የቆመ ውኃ ይጠራቸዋል። ይህም የሰማይ ሳይሆን የምድር ነገር ነው፤ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል።

ስለዚህ ኮምቦልቻን የመሰለ፣ ከፍ ባለ አገር ላይ ያለና የእርሻ ማሳ ያልራቀው ማረፊያ፣ ከአብራሪው ችሎታ ሌላ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ሣሩን የሚያጭድ፣ ቆሻሻውን የሚያርቅ፣ ከበረራ በፊት ወፉን አይቶ የሚያባርር ሠራተኛ ከመሐንዲሱ ያላነሰ ሕይወት ያድናል። የታሪክ ተማሪም የሙታንን ስም በከንቱ ከመውቀስ ይልቅ የመንሥኤዎችን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ቀለበት መከተል ይገባዋል እንላለን።