መንኮራኩር ከመምጠቋ በፊት በረዶን የሚያጋልጠው የኢንፍራሬድ ምስል

መንኮራኩር ወደ ጠፈር ከመምጠቋ በፊት ከሚደረጉላት የመጨረሻ ፍተሻዎች አንዱ በነዳጅ ታንኳ ላይ በረዶ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ለዚህ ሥራ በዓይን ከማየት በተጨማሪ የኢንፍራሬድ (ታሕተ ቀይ) መሣሪያዎች ያገለግላሉ።

በረዶው ከየት ይመጣል?

የአሜሪካው ስፔስ ሻትል የውጭ ታንክ 47 ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው። ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሃይድሮጂንና ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ኦክስጅን ይይዝ ነበር። ታንኩ በፎም ቢለበጥም፣ የፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ እርጥብ አየር ቅዝቃዜው በሚያይልባቸው ቦታዎች ላይ አመዳይ ወይም ጠጣር በረዶ ይሠራል። ስስ አመዳይ ብዙም አያሰጋም፤ ጠጣር በረዶ ግን በመነሻው ንዝረት ተሰብሮ ሲወድቅ የመንኮራኩሯን የሙቀት መከላከያ ሊጎዳ ይችላል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ያመነጫል። የሙቀት ካሜራ ጨረሩን ተቀብሎ ቀዝቃዛውንና ሞቃቱን ቦታ በቀለም ለይቶ ያሳያል። ሆኖም የቦታውን ቅዝቃዜ እንጂ በረዶ መያዙን አይናገርም። ሌላው ዘዴ ብርሃን ልኮ ነጸብራቁን መለካት ነው። በረዶና ውኃ የኢንፍራሬድ ሞገዶችን በተለያየ መጠን ስለሚውጡ፣ ለዓይን የሚመሳሰሉት ሁለቱ በካሜራው ይለያያሉ።

ያልተነገረው ልኬት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ጠዋት ቻሌንጀር በቆመችበት ማስወንጨፊያ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ ነበር። የበረዶ ፍተሻ ቡድኑ በእጅ የሚያዝ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የግራውን ሮኬት ከዜሮ በታች 4፣ የቀኙን ታችኛ ክፍል ደግሞ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ አነበበ። የማስወንጨፊያ መመዘኛው የገጽታ ሙቀትን ስለማይጠይቅ ንባቡ ለውሳኔ ሰጪዎቹ አልደረሰም። መንኮራኩሯ በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተሰባበረች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎቿ ሞቱ። ለአደጋው መንሥኤ የሆነው የሚወድቅ በረዶ ሳይሆን በቅዝቃዜ የደደረው የቀኙ ሮኬት መጋጠሚያ የጎማ ቀለበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ከታንኩ የተላቀቀ ፎም የኮሎምቢያን ክንፍ በስቶ ሌሎች ሰባት ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ ከታንክ ሊወድቅ የሚችል ነገር ሁሉ፣ በረዶን ጨምሮ፣ ይበልጥ በጥብቅ ይፈተሽ ጀመር።

የኢንፍራሬድ መሣሪያ ዓይን የማያየውን ያሳያል። ልኬቱ ሕይወት የሚያድነው ግን ማስወንጨፉን ማስቆም ለሚችለው ሰው በጊዜው ሲደርስ ነው።