ከሃምሳ ቃል አንዱ፦ የቀላል እንግሊዝኛ ንባብ ታሪክ

በአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች መደርደሪያ ላይ፣ ከወፋፍራሞቹ ልብ ወለዶች መካከል ተሸጉጠው የሚገኙ ስስ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አሉ። ሽፋናቸው ላይ «ደረጃ አንድ»፣ «ደረጃ ሁለት» የሚል ተጽፎባቸዋል፤ አንዳንዶቹ በስንት መቶ ቃላት እንደ ተዘጋጁም ይናገራሉ። ስለ ጉዞ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሰዎች አነጋገር የሚያወሩ ናቸው። እንግሊዝኛውን ከክፍል ውጭ ለማሻሻል የሞከረ የከተማ ሰው ከነዚህ ቢያንስ አንዷን ሳያገላብጥ አልቀረም። ታዲያ ንባብን እንደ ጫማ በቁጥር መለካት ከየት መጣ? የትኛው ቃል ይግባ፣ የትኛው ይውጣ ብሎ የፈረደውስ ማን ነው?

ነገሩ መልክ የያዘው በለንደን ሳይሆን በዳካ ነው። ዳካ ዛሬ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ናት፤ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግን በእንግሊዝ ትገዛ የነበረችው ሕንድ አካል ነበረች። ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ በዚያ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ርእሰ መምህር ነበር። ዌስት የቤንጋል ልጆችን አየ። ዓመታት ሙሉ እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ግን አንድ ተራ መጽሐፍ ከፍተው አንብበው መረዳት ያቅታቸዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በየመንገዱ የሚቀሩ መሆናቸው ነው። የትምህርቱ ሥርዓት ግን እስከ መጨረሻው ለሚዘልቁት ጥቂቶች ብቻ የተሰፋ ነበር። ሦስት ዓመት ተምሮ ያቋረጠ ልጅ በእጁ የሚቀረው ምንድን ነው? ጥቂት የተሸመደዱ ዓረፍተ ነገሮችና ትዝታ ብቻ።

ዌስት ለዚህ ችግር ስም ያወጣው ከኢንሹራንስ ቤት ተውሶ ነው። የሕይወት ኢንሹራንስ የገባ ሰው መዋጮውን በመሃል ቢያቋርጥ ከከፈለው ላይ የሚመለስለት ገንዘብ አለ። ትምህርትም እንደዚያ መሆን አለበት ባይ ነው ዌስት፤ ተማሪው በየትኛውም ዓመት ቢያቋርጥ የሚመለስለት ነገር ሊኖር ይገባል። ያ ነገር ደግሞ በእሱ ግምት ንባብ ነው። መናገር አነጋጋሪ ይፈልጋል፤ መጻፍም አራሚ ይፈልጋል። ማንበብ የቻለ ልጅ ግን መንደሩ ተቀምጦ ስለ በሽታም፣ ስለ እርሻም፣ ስለ ሩቅ አገርም ሊያውቅ ይችላል። ይህን ሐሳቡን በ1926 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሁለት ቋንቋን ስለ መልመድ የሚያወሳ ጥናቱ በሰፊው አስረድቷል።

ከዚያ ወደ ተግባር ገባ። ተማሪዎቹ የሚያነቡዋቸውን መጻሕፍት ሲመረምር በሽታውን ሁለት ቦታ አገኘው። አንደኛው፣ ቃላቱ ያረጁና ከዕለት ኑሮ የራቁ መሆናቸው ነው። ለ«ከ…በፊት» «ቢፎር» በማለት ፈንታ «ኤር» ይላሉ፤ ደሴትን «አይላንድ» ሳይሆን «አይል» ይሏታል። ግጥም ለማንበብ ይጠቅም ይሆናል እንጂ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተለጠፈን ጽሑፍ ለመረዳት አይረዳም። ሁለተኛው፣ አዳዲስ ቃላት እንደ በረዶ በአንድ ጊዜ መውረዳቸው ነው። ልጁ አንዱን ሳይውጥ ሌላው ይመጣበታል። ስለዚህ ዌስት አንድ ልክ አበጀ፦ በንባቡ ውስጥ አዲስ ቃል ከሃምሳ ቃላት ከአንድ መብለጥ የለበትም፤ አንዴ የገባ ቃልም ቶሎ ቶሎ እየተመላለሰ መምጣት አለበት። ሦስት መቶ ቃላት ባሉበት ገጽ ላይ እንግዳ ቃል ከስድስት አይበልጥም ማለት ነው። በዚህ ልክ የተዘጋጁት መጻሕፍቱ ሎንግማን በተባለው አሳታሚ ቤት አማካይነት ከ1920ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተሠራጩ።

(ልኩ ምን ማለት እንደ ሆነ እኔም በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ። የቀድሞ ባለቤቱ ከየእንግዳው ቃል በላይ አማርኛውን በእርሳስ ጽፎበታል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጠቁረዋል፤ ወደ መሃል ሲደርስ እርሳሱ እየሳሳ ይሄዳል።)

ቃላትን የመቁጠር ሥራ በዚያው ዘመን በአሜሪካም ይካሄድ ነበር። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1921 ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ 10,000 ቃላትን ዘርዝሮ አሳትሟል። ከሁሉ የገነነው ግን የእንግሊዛዊው ቻርልስ ኦግደን ሥራ ነው። ኦግደን በ1930 «ቤዚክ ኢንግሊሽ» ያለውን ይፋ አደረገ፤ 850 ቃላት ብቻ፣ ከነዚህም ውስጥ ግሶቹ 18 ብቻ! ሲሰሙት ያጓጓል። ጥቂት ሳምንት ሰርቶ የዓለምን ቋንቋ መያዝ ማን ይጠላል?

ዌስት ግን አልወደደውም፤ በእኔ እምነት እውነቱ ከእሱ ጋር ነበር። ግስ ሲያንስ ቃላቱ ቢቀንሱም ሐረጉ ይበዛል። «ኢንተር» የምትለዋን አንዲት ቃል ለማስቀረት «ጎ ኢን» ይባላል፤ ይህስ ይሁን። ነገር ግን «ጊቭ» እና «አፕ» የሚሉትን ለየብቻ የሚያውቅ ተማሪ «ጊቭ አፕ» ሲገጥመው «ተስፋ ቆረጠ» ማለት መሆኑን በምን ያውቃል? በዝርዝሩ ላይ የቀለለው ሸክም ተማሪው ጀርባ ላይ ይወጣል። ኦግደንም የበኩሉን ከመመለስ ወደ ኋላ አላለም፤ ክርክሩ መራራ ነበር።

ጉዳዩ መሪዎች ዘንድም ደርሷል። ዊንስተን ቸርችል በመስከረም 1943 (እ.ኤ.አ.) በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር ቤዚክ ኢንግሊሽን አወድሰዋል። ሩዝቬልት ግን በሚቀጥለው ዓመት በጻፉላቸው ደብዳቤ ቀልደውባቸዋል፤ ቸርችል ስለ ደም፣ ስለ ላብና ስለ እንባ የተናገሩት ዝነኛ ንግግር በ850 ቃላት ቢሆን ኖሮ እንባው «የዓይን ውሃ»፣ ላቡም «የፊት ውሃ» ተብሎ ይቀር ነበር ብለው። የእንግሊዝ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የቅጂ መብቱን በ23,000 ፓውንድ ገዛው፤ ከዚያም ነገሩ ቀስ በቀስ ተረሳ። የቆየው የነዌስት መንገድ ነው። ዌስት በ1953 ያሳተመው ሁለት ሺህ ገደማ ቃላትን የያዘው ዝርዝር ለአሥርተ ዓመታት የአዘጋጆች ሁሉ መለኪያ ሆኖ ኖሯል። እርግጥ ዝርዝሩ ቶሎ አርጅቷል፤ ኮምፒዩተርም ሆነ ቴሌቪዥን አይገኝበትም።

ንባቡ ድምፅ ያገኘው በጥቅምት 1959 (እ.ኤ.አ.) ነው። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተባለውን ሥርጭት በአጭር ሞገድ ጀመረ። ቃላቱ 1,500 ገደማ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ አነባበቡም በደቂቃ ዘጠና ቃል ያህል ነበር። ዜና ብቻ አልነበረም፤ የጤና ዘገባ፣ የአሜሪካ ከተሞች ጉብኝት፣ የቃላትና የአባባሎች አመጣጥ የሚነገርበት ክፍል ሁሉ ነበረው። ጽሑፉን ያገኘ ሰው እያነበበ ያዳምጣል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እንግሊዝኛ እንዲህ የገነነው ዘግይቶ ነው። በ1908 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1925 በተመሠረተው በተፈሪ መኮንን ትልቁ ቦታ የፈረንሳይኛ ነበር። ሚዛኑ የተለወጠው ከጣልያን መባረር በኋላ እንግሊዞች በገቡበት ዘመን ነው። አዲሶቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ተከፈቱ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት መቶ የሚጠጉ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ከአሜሪካ ገቡ። በዚያው ዓመታት አካባቢ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሆን ተደረገ። ለልጆቹ መልካም ነበር፤ ግን ሰባተኛ ክፍል በር ላይ ገደል ተፈጠረ። እስከ ትናንት ሳይንስን በአማርኛ የተማረ ልጅ በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ አንባቢ ሁን ተባለ። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የቀረበው የስቶዳርት ጥናት እንግሊዝኛ ለአብዛኛው ተማሪ ከማስተማሪያነቱ ይልቅ እንቅፋትነቱ እንደሚያይል አመልክቷል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በኋላ የአንደኛ ደረጃው ቋንቋ በየአካባቢው ተለወጠ፤ ገደሉ ግን አልተደፈነም፤ ብዙ ቦታ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ፈቀቅ አለ እንጂ።

በ1997 ዓ.ም. የመጣው «ፕላዝማ» ነገሩን በግልጽ አሳየ። ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ በትልቁ መስኮት ይታያል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ ሳያልቅ ተማሪው መጽሐፉን አይከፍትም። አስተማሪው ቆም በልልኝ ቢለው አይቆምም። የብዙ ተማሪ እሮሮ አንድ ነበር፤ ይፈጥናል። አጭር ሞገድ ላይ የነበሩት ሰዎች ለጎልማሳ አድማጭ እንኳ አነባበባቸውን ሆን ብለው አዘግይተው ነበር፤ እኛ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሙሉ ፍጥነት ለቀቅንበት።

«ስፔሻል ኢንግሊሽ» በ2014 (እ.ኤ.አ.) ስሙን «ለርኒንግ ኢንግሊሽ» ብሎ ለወጠ፤ በመጋቢት 2025 የአሜሪካ መንግሥት ጣቢያውን በትእዛዝ ዝም ሲያሰኘው አብሮ ተቋረጠ። የዌስትን ልክ ግን ማንም ዛሬውኑ ሊሞክረው ይችላል፤ ሬዲዮም ሆነ መንግሥት አይጠይቅም። ከዘጠነኛ ክፍል የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ስለ ወባ የሚያወሳ አንድ ገጽ ይክፈቱ። ልጅዎ የማያውቃቸውን ቃላት በእርሳስ ያስምርባቸው። ከዚያ ሃምሳ ቃል ይቁጠሩና ስንት መስመር እንደ ተሰመረ ይመልከቱ።