ከሰፈር ወደ ቤት፤ ስለ ጠመንጃ ያዥ አዳራሽና ጓሮ

«ሰፈር» የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የተገኘ መሆኑን በዕለት ንግግራችን አናስተውለውም። የሰፈረ ሰው ድንኳኑን ተክሎ ያድራል፤ ነጋሪት ሲጎሰም ደግሞ ነቅሎ ይሄዳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ ቃሉ በዚሁ ትርጉሙ ይሠራ ነበር፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ሲመሩ ጭፍራው በጌታው ዙሪያ፣ ባለሙያውም ከባልደረቦቹ ጋራ በጦር ሰፈር ሥርዓት ይቀመጥ ነበርና። በቂርቆስ የሚገኘው ጠመንጃ ያዥም፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ የቤተ መንግሥቱ ጠመንጃ ያዦች የሰፈሩበት ነው።

ዛሬ የምንመረምረው ግን የወታደሩን ግዳይና ሹመት አይደለም። ነገ ለዘመቻ ሊጠራ የሚችል ሰው ቤቱን የሚያስጌጠው፣ ጓሮውንስ የሚያለማው ምን ሲያገኝ ነው? ነገሩ ይህ ነው።

በመጀመሪያው ዘመን የተራው ሰው መኖሪያ ክብ ጎጆ ነበር። ግድግዳው በእንጨት ተማግሮ ከጭድ ጋራ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ክዳኑም ሣር ነው። በውስጡ መደብ ይሠራል፤ በመደቡም ላይ ቁርበት ወይም አጎዛ ይነጠፋል። በግድግዳው ላይ ከተተከለው መስቀያ ጠመንጃው፣ ዝናሩና ጋሻው ይንጠለጠላሉ፤ ይህም ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱ ክብር የሚታይበት ጌጥ ነበር። የእመቤቲቱ ክብር ደግሞ በመሶቧና በሌማቷ ስፌት ይታወቃል። በዓል ሲሆን ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ አሪቲም ይጨመርበታል። ያማረ ቤት ማለት የውጭ አገር ዕቃ የሞላበት ብቻ የሚመስለው ሰው የዚህን ቤት መዓዛ አላሸተተም ለማለት ይቻላል።

ጓሮውም ቢሆን ከአገልግሎት የተለየ ውበት አልነበረውም፤ ጌሾው ለጠላና ለጠጅ፣ ጎመኑ ለወጥ፣ ጤና አዳሙ ለቡናና ለመድኃኒት ይተከል ነበር።

ሆኖም ከተማዋ ራስዋ ለመነቀል ተቃርባ ነበር። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እየራቀ ስለ ሄደ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በቶሎ አድጎ ይህን ችግር በማቃለሉ ከተማዋ በቦታዋ ጸናች። በእኔ አስተያየት ግን ከባሕር ዛፉ ያላነሰ ሥራ የሠራው በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ ነው። ቦታን በስም አስጽፎ መያዝ፣ መሸጥና ማውረስ ስለ ተፈቀደ፣ ሰው ለልጁ በሚተርፍ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማውጣት፣ ከዓመታት በኋላ የሚደርስ ዛፍም ለመትከል ደፈረ።

ከዚህም በኋላ የቤቱ መልክ ተለወጠ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮና መስተዋት በብዛት ማስመጣት ቀለለ። የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ሰፊ በረንዳ፣ የውጭ ደረጃና እንደ ዳንቴል የተቀረጸ የእንጨት ክፈፍ ያላቸውን ቤቶች ሠሩ። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው፣ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ለዚያ ዘመን አሠራር ምስክር ነው። አቅሙ ያነሰውም በሚችለው መጠን ተከተለ፤ ለኮርኒስ አቡጀዲ ወጠረ፤ ግድግዳውን በጋዜጣ ለጠፈ፤ በደጁም ጽጌረዳ ተከለ። ወረቀቱ የጭቃውን አቧራ ይከለክላል፤ ፊደል ለቆጠረ ልጅም የንባብ ትምህርት ይሆናል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። አነስተኛ ኪራይ ይከፍል የነበረው ድኻ ኪራዩ ስለ ተቀነሰለት ተጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ፣ ተከራዩም የቤቱ ጌታ ያልሆነ በመሆኑ ብዙው የቀበሌ ቤት እያረጀ ሄደ፤ ጓሮውም ቤተ ሰቡ በበዛ ቁጥር በተቀጠለ ክፍልና በማድ ቤት ተያዘ። የጥንቱ የሰፋሪ ጠባይ በሌላ መንገድ የተመለሰ ይመስላል።

በ2000ዎቹ ዓመታት በልደታ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ፎቆች ተሠሩ። በዕጣ ቤት የደረሰው ሰው የግድግዳው ጌታ ሆኗል፤ መሬት ግን ከእግሩ በታች የለውም። ጎረቤት ከጎረቤት ጤና አዳም የሚቀጥፍበት አጥርም ከቤቶቹ ጋራ ሄዷል። ቢሆንም ቀና ብሎ ለተመለከተ፣ በየሰገነቱ የቀለም ባልዲና የዘይት ጀሪካን አፈር ተሞልቶባቸው ተደርድረዋል፤ በአንዱ በሶብላ፣ በሌላው ጤና አዳም በቅሎባቸዋል።