የከዲቭ እስማኤል ዕዳና የኛ ጉራዕ

ሰሞኑን በመምህራን ክበብ ሁለት ባልደረቦቼ ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ መንግሥት ዕዳና ስለ ግብር ሲከራከሩ አዳመጥሁ። አንደኛው የምጣኔ ሀብት ምሁር ነው፤ ዕዳ በራሱ ነውር እንዳልሆነ፣ ገንዘቡ መንገድና ግድብ እስከ ሆነ ድረስ ራሱን እንደሚከፍል አስረዳ። ሁለተኛው፣ መንግሥት በዲሴምበር 2023 የ1 ቢሊዮን ዶላሩን ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳይከፍል መቅረቱን፣ በጁላይ 2024 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ መለቀቁን እየጠቀሰ፣ ያልበላነውን ዕዳ በግብርና በኑሮ ውድነት እየከፈልን ነው ሲል አማረረ። (ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ስንት ተበደርን፣ በምን ላይ አዋልነው ተባባሉ እንጂ ፈራሚው ማን ነው፣ ከፋዩስ መዝገቡን የመመርመር ሥልጣን አለው ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የታሪክ መምህር ነኝና ሐሳቤ ወደ ካይሮ ሄደ።

እስማኤል ፓሻ በ1863 የግብፅን መንበር ሲይዝ ዘመኑ ገጥሞለት ነበር። አሜሪካውያን እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የጥጥ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የግብፅ ጥጥም ወርቅ ሆነ። ሰውየው ሰነፍ እንዳልነበረ መመስከር ይገባል። የመስኖ ቦይ አስቆፈረ፣ የባቡር ሐዲድ አስዘረጋ፣ ትምህርት ቤቶች ከፈተ፣ በ1869 የስዊዝን ቦይ በታላቅ ድግስ አስመረቀ። የአሜሪካው ጦርነት በ1865 አብቅቶ የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ግን ወጪው አብሮ አልወደቀም፤ የጥጡን ቦታ ብድር ተካው። የብድሩ ውል ደግሞ የከፋ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው፣ የ1873ቱ ብድር፣ በወረቀት ላይ 32 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ግምጃ ቤቱ የተረከበው ወደ 20 ሚሊዮን ግድም ብቻ ነው። ወለዱ የሚታሰበው ግን በ32ቱ ላይ ነበር።

እኔን ከባንኮቹ ይልቅ የሚገርመኝ በ1871 የወጣው «ሙቃበላ» የተባለው የግብር ሕግ ነው። የስድስት ዓመት የመሬት ግብሩን አስቀድሞ የከፈለ ባለመሬት ከዚያ በኋላ ለዘለዓለሙ የግብሩን እኩሌታ ብቻ እንዲከፍል ይደነግጋል። ቆም ብለን እናስላው፤ መንግሥት የነገን ግብር ዛሬ በላ፣ የከነገ ወዲያውንም ገቢ በግማሽ ዋጋ ሸጠ። በመጀመሪያ በፈቃድ ነበር፤ ኋላ ግዴታ ሆነ። ብድርና ግብር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብለው የሚያምኑ ተማሪዎቼን ይህን ሕግ አስነብባቸዋለሁ።

በዚያው ዓመት፣ በዲሴምበር 1871፣ ከዲቩ ለቨርዲ ከፍሎ ያስደረሰው «አይዳ» በካይሮ ኦፔራ ቤት ታየ። ታሪኩ ግብፅ ኢትዮጵያን ድል ስትነሣ የሚያሳይ ነው፤ አይዳም የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ከአራት ዓመት በኋላ እስማኤል ትርኢቱን ከመድረክ ወደ መረብ ወንዝ አወረደው። ኖቬምበር 16 ቀን 1875 በዴንማርካዊው አረንድሩፕ የተመራው ጦሩ ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ። በዘጠነኛው ቀን፣ ኖቬምበር 25፣ ያው ከዲቭ በስዊዝ ቦይ የነበረውን 176,602 አክሲዮን ወደ 4 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፤ አክሲዮኑ ቀድሞም ገዢ ሲፈለግለት ነበር። ይሁን እንጂ ንብረቱን ሸጦ ወለድ የሚከፍል መንግሥት በዚያው ክረምት ሁለተኛና የበለጠ ትልቅ ጦር ወደ ምጽዋ አሻገረ። በማርች 1876 ያም ጦር ጉራዕ ላይ ተሰበረ። በአፕሪል ካይሮ የግምጃ ቤት ሰነዶቿን ክፍያ አቋረጠች። በሜይ የአበዳሪዎቹ ወኪሎች የተቀመጡበት የዕዳ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ጠቅላላው ዕዳ ወደ 91 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። እኛ ጉራዕን በትምህርት ቤት የተማርነው በጎራዴና በፈረስ ነው፤ የዘመቻው ሒሳብ ተከፍቶልን አያውቅም።

የተከተለው ታሪክ ሁለት ዓይነት አተራረክ አለው። በዕዳ ኮሚሽኑ ያገለገለው፣ ኋላም ከ1883 እስከ 1907 ግብፅን በተግባር የገዛው ኤቭሊን ቤሪንግ (ሎርድ ክሮመር) የአንድ አባካኝ ገዥ ታሪክ አድርጎ ጻፈው። የግብፅ ብሔርተኞች የአራጣ አበዳሪዎች ወጥመድ አደረጉት። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን በእኔ ግምት ዋናውን ነገር አልፈውታል።

ዋናው ነገር በ1882 መባቻ የሆነው ነው። ከዚያ በፊት፣ በጁን 1879፣ ከኢስታንቡል የመጣ ቴሌግራም እስማኤልን «የቀድሞው ከዲቭ» ብሎ ጠርቶት መሻሩን በአድራሻው አርድቶታል። በ1880 የወጣው የዕዳ ማጣሪያ ሕግ የአበዳሪዎቹን ወለድ ወደ 4 በመቶ ዝቅ ቢያደርገውም ዋስትናቸውን አጸናላቸው፤ ሙቃበላ ግን ተሰረዘ። የስድስት ዓመት ግብር አስቀድመው የከፈሉት ሁሉ በአንድነት በዓመት 150,000 ፓውንድ ለ50 ዓመት እንዲካፈሉ ተወሰነ። ለውጭ የተገባው ቃል ሲከበር ለውስጥ የተገባው ታጠፈ ማለት ነው።

እንግዲህ በዲሴምበር 1881 በተሰበሰበው ምክር ቤት ውስጥ የተቀመጡት እንደራሴዎች እነዚህ ባለመሬቶች ነበሩ። ጻድቃን አላደርጋቸውም፤ ግብሩ በጉማሬ አለንጋ እየተገረፈ የሚሰበሰብበት ገበሬ በመካከላቸው ወንበር አልነበረውም። የጠየቁት ነገር ግን ልከኛ ነበር፤ ለዕዳ የተመደበውን ገቢ አንነካም፣ በተረፈው በጀት ላይ ግን ድምፅ እንስጥ የሚል። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ተቆጣጣሪዎች እምቢ አሉ። በጃንዋሪ 1882 ሁለቱ መንግሥታት ከዲቩን ደግፈው የጋራ ማስታወሻ ላኩ። ምክር ቤቱ አልተመለሰም፤ በፌብሩዋሪ በጀቱን የመመርመር መብቱን በሕግ አስጸደቀ። የጦር ሚኒስትር የሆነውም በኢትዮጵያው ዘመቻ በስንቅና ትጥቅ ማመላለሻ ያገለገለው አህመድ ዑራቢ ነበር። በጁላይ እስክንድርያ በመድፍ ተደበደበች፤ በሴፕቴምበር የዑራቢ ጦር ቴል ኤል ከቢር ላይ ተሸነፈ። አበዳሪ፣ አንድ ፈራሚ ካለው ገዥ ጋር መነጋገር ይቀልለዋል፤ መቶ ጠያቂ ያለበት ምክር ቤት ዋስትናውን የሚያጎድል መስሎ ይታየዋል። የዕዳ ኮሚሽኑ እስከ 1940 ድረስ በካይሮ ኖረ።

ነገሩ ለኛም ተርፏል። እንግሊዝ ግብፅን ከያዘች በኋላ በ1884 አድዋ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የተፈረመው ውል የግብፅን ጦር ከድንበራችን ሲያስወጣ፣ በፌብሩዋሪ 1885 ጣሊያን ምጽዋ ገባ። በ1889 ደግሞ የኛው ተራ ደረሰ፤ ከውጫሌ ውል በኋላ ኢትዮጵያ የሐረርን ጉምሩክ አስይዛ ከጣሊያን 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች። ዐፄ ምኒልክ ዕዳውን በክፉ ቀን ዘመን ከፍለው፣ በፌብሩዋሪ 1893 ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ አስታወቁ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ በመጀመሪያ ዕዳው፣ ከዚያ ውሉ።

ወደ ባልደረቦቼ ልመለስ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 ግብር መጣልንና በጀት ማጽደቅን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። የብድር ስምምነቶችም በአዋጅ እየጸደቁ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣሉ። ብዙዎቹን አንብቤአለሁ፤ አንድ ሁለት ገጽ ናቸው። የአበዳሪው ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ ወለዱ፣ የእፎይታው ዘመን፣ የሚውልበት ሥራ ተጽፏል። ማን ምን ብሎ እንደ ጠየቀ፣ ማን እንደ ተቃወመ፣ የትኛው ግብር እንደሚከፍለው ግን አልተጻፈም። አንዱን ገልብጬ ለምጣኔ ሀብቱ ሰው ሰጠሁት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ «ወለዱ እኮ ዝቅተኛ ነው» አለኝ።