የቅኔ ተማሪው የት ገባ?

ሥነ ጽሑፍ ያጠና ሰው ከአስተማሪነት ሌላ መግቢያ የለውም የሚለው አስተያየት ዛሬ በወላጆችም በተማሪዎችም ዘንድ ሥር ሰዷል። የአገራችን ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚመሰክረው። ከመቶ ዓመት በፊት የመንግሥትን ደብዳቤ የሚጽፈው፣ የንጉሡን ዜና መዋዕል የሚያሰናዳው፣ ኋላም ጋዜጣ የሚያዘጋጀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ በተለይም በቅኔ ያለፈ ነበር። የሥራው በር የተከፈተለትም የተማረው ትምህርት ለሥራው የሚሆን ስለነበር ነው።

ቅኔ ቤት ምን ያስተምር እንደነበር ማየት ይገባል። ጀማሪው ከባለ ሁለት ስንኙ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ፣ ዋዜማ እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይዘልቃል። ቀን ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመሽ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። መምህሩም ግሡ የት እንደተበላሸ፣ ቤቱ የት እንዳልመታ፣ ሰሙና ወርቁ የት ላይ እንደተለያዩ ጓደኞቹ እየሰሙ ያርመዋል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ በማግስቱ አዲስ ማምጣት ግዴታ ነው። ዓመታት በዚህ የቆየ ተማሪ፣ ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ ቢማርም፣ ቃል መዝኖ መጻፍንና በሰው ፊት መታረምን ለምዶ ይወጣል። ጸሐፊ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ከዚህ የተሻለ ዝግጅት ከየት ያገኝ ነበር?

ውጤቱም ታይቷል። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1890ዎቹ መጨረሻ በርሊን ሄደው ግዕዝና አማርኛ አስተምረዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከመርሐቤቴ ተነሥተው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1924 ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትንም በመጽሐፍ አሳተሙ። ደብረ ኤልያስና ዲማ ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በለንደን አምባሳደር፣ በአገር ቤት የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ያሳተሙትም እኚሁ ባለሥልጣን ናቸው። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917፣ አዲስ ዘመን በ1933 ሲጀመሩ ደግሞ በቋንቋው የበሰለ ሰው የሚፈልግ አዲስ ሥራ ተፈጠረ።

እነዚህ ሰዎች ያደጉት በቤተ መንግሥት ሞገስ ነው፣ ቅኔው ምን አደረገላቸው የሚል ይኖራል። ሞገስ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ሞገስ ያገኘ ሁሉ ብዕር አልተሰጠውም፤ ብዙው ግዛትና ጦር ነው የተሰጠው። ብዕሩ የተሰጠው መጻፍ ለሚችለው ነው። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ያኔ የተማረው ጥቂት ነበር፣ ዛሬ ተመራቂው ብዙ ነው። እውነት ነው፤ ሁሉም ሚኒስትር አይሆንም። ሆኖም የሚጻፈውም አብሮ በዝቷል። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ ሕግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያወጣል፤ የባንክ ውል፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ የቴሌቪዥን ድራማ፣ የትርጉም ሥራው ሁሉ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። ዜጋ የፈረመውን ውል አንብቦ የማይረዳበት አገር ጸሐፊ ተርፎታል ሊባል አይችልም።

ችግሩ በሌላ በኩል ነው። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ዘመናዊው ትምህርት ብዙ አዲስ ነገር አመጣ፤ የሥነ ጽሑፍ ጥናቱ ግን ስለ ድርሰት ማወቅን ከመድረስ አስቀደመ። የቅኔ ቤቱ የማታ እርማት አብሮ አልተሻገረም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ከመቶ ሰባውን ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲመድብ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ነጥብ ያነሰው የሚገባበት መስክ ተደርጎ መታየቱ ባሰበት። ተመራቂው ቀጣሪ ፊት ሲቀርብ የመመረቂያ ጥናት ይዞ እንጂ የታረመ ጽሑፍ ይዞ አይደለም፤ ቀጣሪውም ምን እንደሚችል የሚያይበት ነገር የለውም።

የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች ተማሪያቸውን በየሳምንቱ ያጽፉት፣ በጓደኞቹ ፊትም ያርሙት። ሚኒስቴሮችና ባንኮችም ለሕዝብ የሚያወጡትን ጽሑፍ የሚያቀና አርታኢ በቋሚነት ይቅጠሩ።