የሌዘር ሕክምና ለመነጽር ተጠቃሚዎች ያለው አማራጭነትና ቅድመ ሁኔታዎቹ

የኮርኒያን የላይኛ ክፍል በሌዘር በማስተካከል የሚሰጠው የዓይን ሕክምና ለመነጽርና ለኮንታክት ሌንስ ተጠቃሚዎች አማራጭ ሆኖ ማገልገል ከጀመረ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። ይሁን እንጂ ትራኮማ በስፋት ተሰራጭቶ በቆየበት በአማራ ክልል፣ በከሚሴና በአካባቢው ለሚኖር ሰው የሕክምናው ተገቢነት የሚወሰነው አስቀድሞ በሚደረግ የተሟላ ምርመራ ነው።

የሕክምናው አሠራር

ኮርኒያ በዓይን የፊት ክፍል የሚገኝ ግልጽ አካል ሲሆን፣ ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን በማጠፍ በሬቲና ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። ብርሃኑ ከሬቲና በፊት ሲያርፍ የሩቁን አጥርቶ ማየት ይሳናል።

ፒ.አር.ኬ. በሚል ምህጻረ ቃል በሚታወቀው ሕክምና ሐኪሙ ዓይኑን በጠብታ ካደነዘዘ በኋላ ኮርኒያውን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ያነሳል። ቀጥሎም ኤክሳይመር የተባለው ሌዘር በኮምፒውተር በተቀመረ መጠን ኮርኒያውን ይቀርጻል። የተነሳው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀናት ውስጥ የሚተካ ሲሆን፣ በሌዘር የተቀረፈው የውስጥ ክፍል ግን ተመልሶ አይተካም።

ይኸው ሕክምና ማየት በሚችል ዓይን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከናወነው እ.ኤ.አ በ1988 በአሜሪካዊቷ ሐኪም ማርጌሪት ማክዶናልድ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ እ.ኤ.አ በ1995 ፈቃድ ሰጥቶታል።

ከላሲክ ጋር ሲነጻጸር

በላሲክ ሕክምና ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ተቆርጦ ከተገለጠ በኋላ ሌዘሩ ከሥሩ ያርፋል። ታካሚው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ አጥርቶ ማየት የሚጀምር ሲሆን ሕመሙም አነስተኛ ነው።

በፒ.አር.ኬ. ክዳን ስለማይቆረጥ ኮርኒያቸው ስስ ለሆነና በሥራቸው ምክንያት ዓይናቸው ሊመታ ለሚችል ሰዎች ይመረጣል። በአንጻሩ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመም ከበድ ያለ ነው፤ ዕይታም ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጋ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ከአንድ ዓመት በኋላ የሚገኘው ውጤት ግን በሁለቱም ተቀራራቢ ነው።

ከሕክምናው በኋላ ኮርኒያው ሊደበዝዝ ስለሚችል ከጠንካራ ፀሐይ መጠበቅ፣ ከአቧራ መራቅና የታዘዘውን ጠብታ ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል። ከከሚሴ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚታከም ሠራተኛ የመጀመሪያው ሳምንት ክትትል እስኪጠናቀቅ በሕክምናው ከተማ የሚቆይበትን ፈቃድ አስቀድሞ ማመቻቸት ይኖርበታል።

ለእነማን አይሆንም

ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ፣ የመነጽር ቁጥራቸው ያልረጋ፣ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች፣ ኮርኒያቸው የሾለ እንዲሁም ከፍተኛ የዓይን ድርቀት ያለባቸው ሰዎች ሕክምናውን እንዲወስዱ አይመከርም።

በዚህ ረገድ ትራኮማ ልዩ ትኩረት ይሻል። እ.ኤ.አ ከ2005 እስከ 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል 62 ነጥብ 6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። የያኔዎቹ ሕፃናት ዛሬ የሌዘር ሕክምና በሚታሰብበት ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። ተደጋጋሚ ትራኮማ በዓይን ቆብ የውስጥ ክፍል ላይ የሚተወው ጠባሳ ዓይንን የሚያደርቅ፣ የቆብ ፀጉርንም ወደ ውስጥ የሚቀለብስ በመሆኑ የኮርኒያው ቁስል በአግባቡ እንዳይድን ያደርጋል። ስለሆነም የዓይን ቆብን ገልብጦ ማየት ከምርመራው ሊቀር አይገባም።

ሌዘሩ የዓይን ሞራንና ግላኮማን አያክምም። ዕድሜ ከ40 ዓመት ሲያልፍ የሚከሰተውን የማንበብ ችግርም አያስቀርም፤ የሩቅ ዕይታቸውን ያስተካከሉ ሰዎችም ሰነድ ለማንበብ መነጽር ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ምርመራ ይቅደም

ከላይ የተጠቀሰው ብሔራዊ ጥናት በኢትዮጵያ የዕይታ መዳከም ካጋጠማቸው ሰዎች 42 ነጥብ 3 በመቶው በዓይን ሞራ፣ 33 ነጥብ 4 በመቶው ደግሞ በመነጽር ሊስተካከል በሚችል ጉድለት ምክንያት መሆኑን አመልክቷል። ይህም ለአብዛኛው ታካሚ መፍትሔው የሞራ ቀዶ ሕክምና ወይም ተገቢ መነጽር መሆኑን ያሳያል።

በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለአካባቢው ኅብረተሰብ የዓይን ሕክምና በመስጠት የሚታወቅ ነው። የዕይታ ለውጥ ያስተዋለ ሰው ስለ ሌዘር ከመወሰኑ በፊት የችግሩን መንስዔ በባለሙያ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።